ያልተለመዱ ቤቶችና ልብ ወለድ፦ ቤቱ ነዋሪውን ምን ያደርገዋል?

ብራና

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አቅቶኝ ነው የመጣሁት።

ባሕር መሀል ዓለት ላይ በቆመ፣ ለመርከቦች መንገድ በሚያሳይ የመብራት ማማ ውስጥ ስለሚኖር ጠባቂ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ቤቱን ገና ሳስበው ልቤ ይመታል። ክብ ግድግዳ። ጠመዝማዛ ደረጃ። በየመስኮቱ ውሃ። አራት ገጽ ጽፌ ቆምኩ። መልሼ ሳነበው አራቱም ገጽ ስለ ቤቱ ነው። ሰውየው ገና ከወንበሩ አልተነሣም።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆንብኝ። የዋሻ ቤት፣ ዛፍ ላይ የተሠራ ቤት፣ የጀልባ ቤት ፎቶ ባየሁ ቁጥር "ከዚህማ ታሪክ ይወጣል" እላለሁ። ስጽፈው ግን የፎቶ መግለጫ ሆኖ ይቀራል። እናንተስ? ለድርሰት ያነሣሣችሁ ያልተለመደ ቤት አለ? ከየት ነው የጀመራችሁት?

የማታ ብዕር

ብራና፣ እኔንም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ችግሩ ቤቱን በእንግዳ ዓይን ማየታችን ይመስለኛል። የሚኖርበት ሰው ቤቱን ማየት ካቆመ ቆይቷል። በክርኑ ነው የሚያውቀው። በጨለማ ተነሥቶ ውሃ ሲጠጣ እጁ የት እንደሚያርፍ ያውቃል።

ሮተርዳም በተባለች የሆላንድ ከተማ ውስጥ ፒየት ብሎም የተባለ አርክቴክት የነደፋቸው፣ ሣጥን የሚመስሉ የኪዩብ ቤቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ነው የተጠናቀቁት። እያንዳንዱ ኪዩብ 54.7 ዲግሪ አጋድሎ ምሰሶ ላይ በአንድ ማዕዘኑ ቆሟል። ከውጭ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ውስጥ ግን ግድግዳው ሁሉ ያዘነበለ ነው። ወለሉ 100 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቡ ገደማ ግን በግድግዳው ማዘንበል የተነሣ አይሠራበትም። ቁም ሣጥን ግድግዳ አይጠጋም። ሥዕል ብትሰቅይ በክሩ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ይቀራል።

አሁን የሟች እናቷን ትልቅ ቁም ሣጥን ይዛ እዚያ ቤት የምትገባ ሴት አስቢ። ማስጠጊያ የለውም። መሸጥ ደግሞ አትፈልግም። መሀል ወለል ላይ ይቆማል። ሳሎኗን በተሻገረች ቁጥር ትዞረዋለች። እኔ ብሆን ከዚያ ነው የምጀምረው። ስለ ኪዩቡ አንድ ቃል ሳልናገር ሁለት ገጽ እሄድ ነበር።

ጅማሬ

የቁም ሣጥኑ ነገር ሆዴን አባባው። ልውሰደውና ልጻፍበት? ይፈቀዳል?

የማታ ብዕር

ውሰደው እንጂ። መቶ ሰው ቢጽፈው መቶ ዓይነት ነው የሚወጣው።

መሰላል

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኛ "ያልተለመደ" የምንለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ችግር መልስ ነው። ሙቀት፣ ፍርሃት፣ የእንጨት እጥረት፣ የቦታ ጥበት። ጸሐፊ መልሱን ብቻ አይቶ ይደነቃል። ችግሩን ብትፈልጉት ግን ገጸ ባሕርይው እዚያ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ኩበር ፒዲ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1915 ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘባት። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤቱን የሠራው ከመሬት በታች ቆፍሮ ነው። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 23 እና 25 ዲግሪ መካከል ነው። አየር የሚገባው ወደ ላይ በተበሳ ጉድጓድ ነው። ብዙው መኝታ ክፍል መስኮት የለውም፤ መብራት ስታጠፉ የራሳችሁን እጅ አታዩም። ክፍል መጨመር የፈለገ ሰው ይቆፍራል። ክፍል ሲያሰፉ ኦፓል ያገኙ ሰዎች አሉ።

እስቲ አስቡት። ባል "የልጃችንን ክፍል ልቆፍር ነው" ይላል። ሚስት የሚቆፍረው ለልጁ ይሁን ለድንጋዩ እርግጠኛ አይደለችም። በየዓመቱ አንድ ክፍል ይጨመራል። ልጅ ግን አልመጣም።

ሌላም አለ። ቤኒን ውስጥ ኖኩዌ በተባለ ሐይቅ ላይ የተሠራች ጋንቪዬ የምትባል መንደር አለች። ቤቶቹ ውሃ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው የቆሙት። ሰዎቹ ወደ ሐይቁ የገቡት ከባሪያ ፈንጋዮች ሸሽተው ነው። አሳዳጆቻቸው ውሃ ላይ መዋጋትን እምነታቸው ይከለክላቸው ነበር ይባላል። ጎረቤት መጠየቅ፣ ገበያ መውጣት፣ ሁሉም በታንኳ ነው። ፎቶው ላይ የምታዩት የሚያምር ነገር ሁሉ ሥሩ ፍርሃት ነው። አሳዳጁ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ቤቱ ግን አሁንም ውሃ ላይ አለ። ፍርሃቱስ ከቤቱ ጋር ይወረሳል? እኔ መጻፍ ብችል ይህን ነበር የምጽፈው።

ብራና፣ ያንቺ ማማ የምን ችግር መልስ ነው? ለመርከበኞቹ ማለቴ አይደለም። ለጠባቂሽ ነው። ከሰው ርቆ ዓለት ላይ እንዲኖር ያደረገው ምንድን ነው?

ብራና

መሰላል፣ ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። መልስ ግን ገና የለኝም።

ዝናብ ናፋቂ

እኔን ደግሞ የሚማርኩኝ ምክንያታቸው የማይታወቅ ቤቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ያለውን የዊንቸስተር ቤት ታውቁታላችሁ? ሣራ ዊንቸስተር የጠመንጃ አምራቹ ቤተሰብ ምራት ነበረች። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1881 ሞተ። በ1886 አንድ የእርሻ ቤት ገዝታ ማስፋት ጀመረች። በ1922 እስክትሞት ድረስ ሲሠራ ኖረ ይባላል። 160 ያህል ክፍል አለው። ወጥቶ ወጥቶ ጣሪያ ላይ የሚያልቅ ደረጃ አለው። ሲከፍቱት ባዶ አየር ላይ የሚጥል የፎቅ በር አለው።

በጠመንጃው የሞቱ ሰዎች መንፈስ እያሳደዳት ነው የምትገነባው ይባላል። ልጽፈው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። በሞከርኩ ቁጥር የመንፈስ ታሪክ ይሆንብኛል፤ ሌላው ሰው ከጻፈው አይለይም።

ጠመኔ

ዝናብ ናፋቂ፣ እህቴ፣ መንፈሱን ለጊዜው ተዪው። የታሪክ አጥኚዎችም ወሬውን ይጠራጠሩታል። ደረጃዎቹን ተመልከቺ።

ሴትዮዋ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባት። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዕርከን ከፍታ 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ የሆነ ደረጃ አሠራች። ደረጃው ሲጠማዘዝ ውሎ 44 ዕርከን አለው፤ ያን ሁሉ ወጥተሽ የምትደርሺው አንድ ፎቅ ያህል ብቻ ነው። በ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ማማዋ ፈረሰ። የተጎዳውን ሁሉ አላስጠገነችም። ወደ የትም የማይወስዱት በሮች ከዚያ የተረፉ ናቸው የሚሉ አሉ።

ሀብቷ የማያልቅ ሴት ናት። ጉልበቷ ግን እንቢ ብሏታል። ደረጃውን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ታስደርገዋለች። እኔን ከመንፈስ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። የመጀመሪያውን ባለ 5 ሴንቲሜትር ዕርከን ያዘዘችበትን ጠዋት ጻፊው። አናጺው ምን አላት? እሷስ እውነቱን ነገረችው?

ብራና፣ ላንቺም አንድ ነገር ልበል። ማታ ማታ የድርሰት ትምህርት አስተምራለሁ። "መቼት" የሚለውን ቃል ሳስተምር መቼና የት ከሚሉት መምጣቱን ሁሉም ወዲያው ይገባዋል። ሲጽፉ ግን "የት" የምትለዋ ብቻ ትቀራለች። ቤቱ ሰዓት የለውም፤ ማለዳ የለውም፤ የሚሠራበት ሥራ የለውም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የቤቱን ቅርጽ መናገር እከለክላቸዋለሁ። ክብ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከፍ ያለ ነው ማለት የለም። በምትኩ አንድ ሥራ ብቻ ይጽፋሉ። ፍራሽ እንዴት ይገባል? የተጣሉ ሰዎች የት ይኮራረፋሉ? ደብዳቤ የት ይደበቃል? አንድ ሰው ቢሞት ሬሳው በየት ይወጣል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከባድ ናት፤ አውቃለሁ። ግን እሷን የመለሰ ተማሪ ቤቱን እንደ ጌጥ ሲጽፈው አይቼ አላውቅም።

መሰላል

ጠመኔ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ፖላንድ፣ ዋርሶ ያለው የኬሬት ቤት ትዝ አለኝ። በሁለት ሕንፃዎች መካከል በነበረ ስንጥቅ ውስጥ የተሠራ ነው። ያዕቆብ ሽችየንስኒ የሚባል አርክቴክት ነድፎት እ.ኤ.አ. በ2012 ተከፈተ። ስንጥቁ በጣም ሰፊ በሆነበት 152 ሴንቲሜትር ነው፤ በጠበበበት ደግሞ 92። ወደ መኝታው የሚወጣው በመሰላል ነው። መግቢያው ደረጃ ወደ ላይ ሲታጠፍ የሳሎኑ ወለል ይሆናል። ቤት ውስጥ ከሆንክ ደረጃ የለህም፤ ደረጃ ካለህ ሳሎን የለህም ማለት ነው።

እናንተን የሚመለከተው ደግሞ ይኸውላችሁ። ስሙ የተወሰደው ከመጀመሪያው ተከራይ ነው። ተከራዩም ጸሐፊ ነው፤ ኤትጋር ኬሬት። እናቱ በናዚ ዘመን የዋርሶ ጌቶ፣ ማለትም አይሁዶች ታጉረው የኖሩበት ሰፈር፣ ውስጥ የነበረች ልጅ ናት። ቤቱ የቆመውም የጌቶው ክልል በነበረ ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰው እናቱ ሁሉን ባጣችበት ከተማ የ92 ሴንቲሜትር ቦታ ተሰጠው። እዚህ ላይ እኔ የምጨምረው የለኝም።

ዝናብ ናፋቂ

ጠመኔ፣ አናጺው! እስከ ዛሬ አናጺውን አስቤው አላውቅም። አሁኑኑ ልጽፍ ሄድኩ።

አንባቢ ብቻ

ልጆች፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ደፍሬ አንድ ነገር ልናገር።

እነዚህን ቤቶች "መነሻ" ስትሏቸው አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ጣሊያን ውስጥ ማቴራ የምትባል ከተማ አለች። ሳሲ የሚባሉ ከዓለት የተፈለፈሉ ቤቶች አሏት። አንድ ቤተሰብ ከነበቅሎው፣ ከነዶሮው አንድ ዋሻ ውስጥ ያድር ነበር። ወባ ነበር። የሞቱ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። የአገር ኀፍረት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሕግ ወጥቶ ነዋሪውን ማዛወር ተጀመረ፤ 15,000 ያህል ሰው ለቆ ወጣ። በ1993 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ ከዋሻዎቹ አንዳንዶቹ ሆቴል ናቸው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያድርባቸዋል።

ጸሐፊ ሆቴሉን አይቶ ቢጽፍ አልወቅሰውም። ግን ያቺ እናት ግድግዳውን አይታ "እንዴት ያምራል" ያለች አይመስለኝም። እርጥበቱን ነው የምታየው። እሷን የማያውቅ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር የተሰረቀ ያህል ይሰማኛል።

የማታ ብዕር

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔም ከላይ ስለ እንግዳ ዓይን ያልኩት እርስዎ በደንብ ገለጹት። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ይፍቀዱልኝ። ያቺ እናት አዲሱ ቤት ከገባች በኋላስ? ውሃ አለ፣ መስኮት አለ፣ ግድግዳው ደረቅ ነው። ጎረቤቷ ግን የት ሄደች? ሳሲ ውስጥ ብዙ ዋሻዎች በአንድ ግቢ ዙሪያ ነበር በራቸው። እርጥበቱን እየጠላች ግቢውን ልትናፍቅ ትችላለች። ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ሲያነቡስ ቅር ይልዎታል?

አንባቢ ብቻ

አይለኝም። እንዲያውም እሷን ጻፍልኝ። የልጅ ልጇንም ጨምርበት። አያቷ ከበቅሎ ጋር ያደረችበትን ዋሻ ለአንድ ሌሊት ተከራይታ የምትመጣውን።

ጅማሬ

ይቅርታ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ብዙ አላውቅም። ግን አንድ ያገኘሁትን ላካፍል።

ቲቲካካ ሐይቅ ላይ፣ በፔሩ በኩል፣ ኡሮስ የሚባሉ ሕዝቦች በቶቶራ ሸምበቆ በሠሯቸው ተንሳፋፊ ደሴቶች ላይ ይኖራሉ። ቤቱም ሸምበቆ፣ ጀልባውም ሸምበቆ፣ መሬቱም ሸምበቆ ነው። ከሥር ያለው እየበሰበሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ አዲስ ሸምበቆ ሁልጊዜ መነጠፍ አለበት። ካቆሙ ይሰምጣሉ። እሳት የሚነደው ድንጋይ ላይ ነው፤ አለዚያ አገሩ ይቃጠላል። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ግን ይህን ነው፦ አንድ ደሴት ላይ ያሉ ቤተሰቦች ተጣልተው መስማማት ካቃታቸው ደሴቱን በመጋዝ ለሁለት ይቆርጡታል ይባላል።

ሁለት ወንድማማቾች አሰብኩ። መጋዙን ይዘዋል። አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ አንዱ ከዚያ ጫፍ። ለመለያየት እንኳ አብረው መሳብ አለባቸው። ይህ ታሪክ ይሆናል?

ጠመኔ

ጅማሬ፣ ጀማሪ ነኝ አትበል። "ለመለያየት እንኳ አብረው መሳብ አለባቸው" ብለህ ጽፈሃል። ቀሪውን ጻፈው። አንድ ምክር ብቻ፦ ለምን እንደተጣሉ ቶሎ አትንገረን።

ዝናብ ናፋቂ

ተመለስኩ። ስድስት ገጽ ወጣኝ! አናጺው ዕርከኖቹን ሲለካ እሷ ከላይ ሆና ታየዋለች። ለምን ዝቅ እንዲል እንደፈለገች አልነገረችውም። እሱም ገብቶት አልጠየቃትም። ልቤ ሞልቶ ነው የጻፍኩት።

እግረ መንገዴን ጸሐፊዎች ራሳቸው ስለሠሩት ቤት ላንሣ። ሆሬስ ዋልፖል የተባለው እንግሊዛዊ ለንደን አጠገብ ትዊከናም ውስጥ የነበረውን ቤት እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ የድሮ ቤተ መንግሥት አስመስሎ ለወጠው። ስትሮቤሪ ሂል ይባላል። የአንዱ ትልቅ አዳራሽ ጣሪያ ከድንጋይ የተጠረበ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ከተቦካ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 አንድ ሌሊት እዚያ ተኝቶ ሕልም አየ። በሕልሙ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። በትልቁ ደረጃ መደገፊያ ጫፍ ላይ የብረት ጥሩር የለበሰ ግዙፍ እጅ አለ። በዚያው ቀን ማታ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው የጎቲክ ልብ ወለድ (በአሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚካሄድ አስፈሪ ታሪክ) የሚባለው እንዲህ ነው የተወለደው። ይህን ራሱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ነግሮታል።

የወረቀት ቤት ሠራ፤ ቤቱን ደግሞ ወረቀት ላይ አሰፈረው። ይህን ሳስብ በጣም ደስ ይለኛል።

መሰላል

በርናርድ ሾውም በጓሮው የሚሽከረከር ጎጆ ነበረው። ፀሐይን ተከትሎ ያዞረውና ውስጡ ይጽፋል። ስሙን "ለንደን" አለው። እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቦቹ "ለንደን ሄዷል" ይላሉ፤ ውሸትም አልሆነ።

ብራና

አራት ቀን ጠፋሁ። ምክንያት አለኝ።

የጠመኔን ጥያቄ ይዤ ስለ መብራት ማማ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሬሳው በየት ይወጣል የምትለዋን። መልሱ እውነተኛ ታሪክ ሆኖ ጠበቀኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከዌልስ ዳርቻ ርቆ ስሞልስ በተባለ ዓለት ላይ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩ። እንደማይስማሙ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አንዱ ሞተ። ሌላው ሬሳውን ባሕር ቢጥለው ገደልክ እንዳይሉት ፈራ። ሣጥን ሠርቶለት ከማማው ውጭ አሰረው። ማዕበል ስለነበር ጀልባ ለሳምንታት መድረስ አልቻለም። ከዚያ በኋላ በእንዲህ ያለ ማማ ላይ ሦስት ሰው እንዲመደብ ተወሰነ።

ሁለት ቀን ይህን ልጽፍ ታገልኩ። ግን የኔ አልሆነም። ብዙ ሰው አስቀድሞ የነገረው ነው። እያነበብኩ ሳለ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ላይ ቆምኩ። ባሕር ላይ ባሉት ማማዎች ግድግዳው ክብ ስለሆነ አልጋውም ግድግዳውን ተከትሎ የታጠፈ ነበር። እንደ ሙዝ። ጠባቂው ለዓመታት ታጥፎ ነው የሚተኛው። ከዚያ ማማዎቹ በራሳቸው እንዲሠሩ ተደረጉ። በዩናይትድ ኪንግደም የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ለቀቁ። እነዚያ ሰዎች ቀጥ ያለ አልጋ ላይ እንዴት ተኙ?

አራቱንም ገጽ ጣልኩት። አዲሱ መጀመሪያ ይኸው። ማማው ውስጡ የለም፤ የምትተርከው ልጁ ናት።

*አባቴ ማማውን ለቆ የመጣ ዕለት አልጋውን መስኮት ሥር ዘረጋሁለት። ሰፊ ነው፣ ረጅም ነው። ጠዋት ስገባ ጎኑን እንደ ማጭድ አጥፎ ተኝቷል። ጀርባው የሌለ ግድግዳ ተደግፏል። ግማሹ አልጋ ባዶ ነው።*

*ወንበሩን ከጥግ አንሥቶ ወለሉ መሀል አምጥቶታል። "ጥጉ ምን አደረገህ?" አልኩት። "እዚያ ምን እንደማደርግ አላውቅም" አለኝ።*

*ሌሊት ይነሣል። ሰዓት አያይም። አምፖሉን ያበራና ትንሽ ይቆማል። የሚጠብቀው መርከብ የለም። ከዚያ ያጠፋዋል።*

ጅማሬ

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የማታ ብዕር

ብራና፣ በጣም ጥሩ ነው። ማማው የለም ትያለሽ እንጂ ከአራቱ ገጽ ይልቅ እዚህ ይታያል። "የሚጠብቀው መርከብ የለም" የምትለውን ብቻ አውጪያት። አምፖሉን ሲያበራ እናውቃለን። አንቺ አትንገሪን።

ብራና

አወጣኋት። ያለ እሷ ሳነበው ትንፋሹ ተስተካከለ።

አንባቢ ብቻ

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ጥያቄ አለኝ። አባትየው ማማው ላይ በነበረበት ዘመን ይህች ልጅ የት ነበረች? መብራቱ ከቤቷ ይታይ ነበር?

ብራና

ጋሼ፣ ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም። ይታይ ነበር። አሁን ሲጠይቁኝ ነው ያወቅሁት። ከመኝታዋ ሆና እየቆጠረችው ነው የምትተኛ የነበረው። ልሂድ፣ ልጻፈው።